በቪዲዮ ጨዋታ ውስጥ ስለሚገኘው የምርጫ ዝርዝር

«ሜኑ» የምንለው፣ የቪዲዮ ጨዋታ ተጫዋች ሊያደርግ ከሚችላቸው ነገሮች አንዱን እንዲመርጥ በስክሪን ላይ የሚቀርብለት ዝርዝር ነው። ጨዋታ ለመሥራት ከሚነሡት መካከል ይህን ክፍል በመጨረሻ እንደሚለጠፍ ጌጥ የሚቈጥሩት አሉ። በእኛ አስተያየት ግን ማሽኑ ራሱ ሊያውቀው የሚገባውንና ለተጫዋቹ ውሳኔ የሚተወውን የሚለየው ይኸው ዝርዝር ስለ ሆነ፣ አስቀድሞ ሊታሰብበት ይገባል። ለማስረዳትም ያህል የጃፓናዊውን የዩጂ ሆሪን ሥራዎች በምሳሌነት እናቀርባለን፤ ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ሆሪ በ1983 ለኮምፒዩተር ያወጣው የፖርቶፒያ የግድያ ምርመራ ጨዋታ ተጫዋቹ ትእዛዙን በፊደል እንዲጽፍ ይጠይቅ ነበር። የታሰበው ቃል ማሽኑ ከሚያውቀው ጋር ካልገጠመ፣ አሳቡ ትክክል ቢሆንም እንኳ ምርመራው ወደ ፊት አይራመድም። በ1985 ጨዋታው ፋሚኮም ወደተባለው የኒንቴንዶ መሣሪያ ሲዛወር፣ የእጅ መቆጣጠሪያው የፊደል ቁልፍ ስላልነበረው በጽሑፉ ፈንታ የ14 ትእዛዞች ዝርዝር ገባ። ቃል የመገመቱም ድካም ያን ጊዜ ቀረ።

በ1986 ለዚሁ መሣሪያ የወጣው «ድራጎን ክዌስት» ደግሞ 8 ትእዛዞች ነበሩት፤ እነርሱም ማነጋገር፣ ብርታት፣ ደረጃ፣ በር፣ አስማት፣ ዕቃ፣ መፈተሽና ማንሣት ናቸው። ከእነዚህ «ደረጃ» የሚለውን ልብ ይሏል። ተጫዋቹ ደረጃው ላይ ቆሞ ሳለ፣ ለመውጣት ወይም ለመውረድ ዝርዝሩን ከፍቶ «ደረጃ» ብሎ ማዘዝ ነበረበት! ሰው ለማነጋገርም ከ4ቱ አቅጣጫዎች አንዱን መምረጥ ግድ ነበር፤ ባለታሪኩ ፊቱን ወደ ጎን የሚያዞርበት ሥዕል አልነበረውምና። በ1989 በአሜሪካ በወጣው እትም ባለታሪኩ ፊቱን ማዞር ስለ ቻለ የአቅጣጫው ጥያቄ ተሰረዘ፤ «ደረጃ» ግን እዚያው ቆየ። በጃፓን በ1987 በወጣው 2ኛው ክፍል ግን ደረጃውን መርገጥ ብቻ በቂ ሆኖ ነበር። ተጫዋቹ የት እንደ ቆመ ማሽኑ እያወቀ መጠየቁ ከንቱ ነው፤ በውጊያ መካከል «አስማት ወይስ ዕቃ?» ማለት ግን እውነተኛ ጥያቄ ነው።

ትርፍ ጥያቄ የሚያባክነው ጊዜ ነው። የቦታ አቀማመጥ ስሕተት ግን ሰውን ከነጭራሹ ውጭ ያስቀራል። ጽሑፉን በድምፅ የሚያነበው ማስተካከያ በ3ኛው ወይም በ4ኛው ገጽ ከተደበቀ፣ ዓይነ ስውሩ ተጫዋች እዚያ የሚደርሰው ሌላ ሰው ሲያነብለት ነው። በ2020 የወጣው «ዘ ላስት ኦቭ አስ» 2ኛ ክፍል ከ60 የሚበልጡ እንዲህ ያሉ ማስተካከያዎችን ሲይዝ፣ ለማየት፣ ለመስማትና ለእንቅስቃሴ ችግር በ3 ወገን አስቀድሞ አዘጋጅቷቸዋል። አንዱን በመምረጥ ብዙዎቹ በአንድ ጊዜ ይስተካከላሉ።

በአማርኛ ለሚሠራ ሰው ሌላ ጣጣ አለ። «ክፈት» ብንል ወንዱን፣ «ክፈቺ» ብንል ሴቷን ብቻ እናዛለን። «ይክፈቱ» ሁለቱን ያስማማል፤ ነገር ግን በጦር ሜዳ መካከል «ይምቱ» መባል ለጆሮ ይጎረብጣል። ስለዚህ «መክፈት»፣ «መምታት» ማለቱን እንመርጣለን፤ ከላይ የሆሪን ትእዛዞች ስንተረጉምም ያደረግነው ይህንኑ ነው። የፊደሉም መጠን በላቲን ፊደል ልክ መወሰን የለበትም። «ቡ»ን ከ«ቢ» የሚለየው የአንዲት ትንሽ ቅጥል ቦታ ስለ ሆነ፣ ተጫዋቹ ከሚቀመጥበት ርቀት ሆኖ ሁለቱን ለይቶ ማንበብ መቻሉን መሞከር ያስፈልጋል።