ተራ አስከባሪውን ማን ይጠይቀዋል?

ከሞያሌ ወደ ያቤሎ በሚወስደው መንገድ ላይ ዱብሉቅ አለች። ቱላ የሚባሉት የቦረና ጥንታዊ የውኃ ጉድጓዶች ከሚገኙባቸው ቦታዎች አንዷ ናት። ጉድጓዶቹ ጥልቅ በመሆናቸው ወጣቶች ከታች እስከ ላይ በመሰላል ላይ ተደርድረው፣ እየዘፈኑ፣ ባልዲውን እየተቀባበሉ ውኃውን ያወጡታል። በድርቅ ወራት ከላይ የሚጠብቀው መንጋ ብዙ ነው።

በዚህ ጥበት ውስጥ ከብቱን ማን መቼ እንደሚያጠጣ የሚከታተል ሰው አባ ሄሬጋ ይባላል። የሚመርጠው የጉድጓዱ ተጠቃሚዎች ሸንጎ ነው። ቅደም ተከተሉን እሱ አያወጣውም፤ አስቀድሞ የታወቀ ነው። ሥራው ማስከበር ብቻ ነው። ለወዳጁ ቢያደላ ገንዳው ዙሪያ የቆመ ሰው ሁሉ ወዲያው ያያል፤ ጉዳዩም ሸንጎ ፊት ይቀርባል። ከፍ ባለው ደረጃም እንዲሁ ነው። የገዳ ሥርዓት መሪ የሆነው አባ ገዳ የሚመራው ለ8 ዓመት ሲሆን፣ በየ8 ዓመቱ የሚሰበሰበው ጉሚ ጋዮ የተባለው ጉባኤ የመሪዎቹን ሥራ ይመረምራል፤ ያጠፋውን ከሥልጣን እስከማውረድ ይደርሳል።

ሞያሌን የኢትዮጵያና የኬንያ ድንበር ለሁለት ይከፍላታል፤ ቦረናዎች በሁለቱም በኩል ይኖራሉ። በኬንያው በኩል ደግሞ ተሿሚ ተጠያቂ ነው የሚለው ይኸው ሐሳብ በጽሑፍ ሰፍሯል። የ2010 ሕገ መንግሥት ምዕራፍ 6 ስለ አመራርና ታማኝነት የሚደነግግ ነው። አንቀጽ 73 ሥልጣን የሕዝብ አደራ እንደሆነ፣ ባለሥልጣኑም ሕዝብን ሊያገለግል እንጂ ሊገዛ እንዳልተቀመጠ ይናገራል፤ በዘመድ አዝማድ መወሰንንም ይከለክላል። በአንቀጽ 76 መሠረት በሕዝባዊ ወይም በመንግሥታዊ ሥነ ሥርዓት ላይ ለባለሥልጣን የተሰጠ ስጦታ፣ በሕግ ካልተፈቀደ በቀር፣ የግሉ ሳይሆን የአገሪቱ ነው።

ድንጋጌው ጠንካራ ነው። ጉድለቱ አፈጻጸሙ ላይ ነው። አንቀጽ 99 ቢያንስ የስድስት ወር እስራት ለተፈረደበት ሰው የፓርላማ ዕጩነትን ቢከለክልም፣ ክልከላው የሚጸናው ይግባኙ ሁሉ ሲያልቅ ነው፤ ክርክር ደግሞ ዓመታት ይፈጃል። ከዚያም በላይ የመሥሪያ ቤት ውሳኔ የሚሰጠው በር ተዘግቶ ነው። እንደ ገንዳው ዙሪያ የሚያይ ሰው የለም።

ስለዚህ ደግ ሰው መምረጥ ብቻውን አይበቃም ባይ ነኝ። ደግ ሰውም ማንም የማያየው ከሆነ ይለወጣል። የትምህርት ቤት ኮሚቴም ሆነ የነጋዴዎች ማኅበር፣ ዕቁብም ሆነ ቻማ የሚባለው የኬንያ የቁጠባ ማኅበር የሚያስፈልገው አንድ ነው፤ ደንቡ ከሹመቱ በፊት ይጻፍ፣ ሒሳቡ በአባላት ፊት ይነበብ፣ የሥልጣኑ ማብቂያ ቀን ይታወቅ። ገንዘብ ያዡ ብቻውን ገንዘብ የሚያወጣ ከሆነ ሁለተኛ ፈራሚ ይጨመር። የሊቀመንበሩ ዘመድ ለጨረታ ከቀረበ ሊቀመንበሩ ከውሳኔው ይውጣ። ይህ ሰውን መጠርጠር አይደለም፤ ታማኙን ከሐሜት ያድነዋል።

እርስዎ አባል የሆኑበት ማኅበር ሒሳቡን ለመጨረሻ ጊዜ ያነበበው መቼ ነው? ካላስታወሱ በሚቀጥለው ስብሰባ መዝገቡ እንዲከፈት ይጠይቁ።