ትንፋሽ ሲቆም
ቀዶ ሕክምና የሚጠብቅ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚፈራው ምላጩን ነው፤ የሰመመን ባለሙያው ልብ ያለው ግን የአየር ቧንቧው ላይ ነው። ፕሮፖፎል በደም ሥር ሲገባ ታካሚው ከ1 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ራሱን ይስታል። ጡንቻ የሚያላላው መድኃኒት ሲከተል ትንፋሹ ቀጥ ይላል፤ ከዚያ ወዲያ የሚተነፍሱለት ሌሎች ናቸው።

ለዚህም ነው አስቀድመው ጭምብል ገጥመው ለ3 ደቂቃ ያህል ንጹሕ ኦክስጅን የሚያስተነፍሱት። ጤነኛ አዋቂ ያለዚህ ዝግጅት በ1 ደቂቃ ገደማ የደሙ ኦክስጅን ማሽቆልቆል ይጀምራል፤ ሳንባው በኦክስጅን ከተሞላ ግን እስከ 8 ደቂቃ ሊቆይ ይችላል። ነፍሰ ጡርና ሕፃን ይህን ያህል ፋታ የላቸውም።

ፋታው ሲያልቅ ምን እንደሚመጣ እንግሊዝ በ2005 እ.ኤ.አ. አይታለች። ኢሌን ብሮማይሊ የተባለች የሁለት ልጆች እናት ለቀላል የሳይነስ ቀዶ ሕክምና ገባች። የመተንፈሻ ቱቦው ወደ አየር ቧንቧዋ አልገባ አለ፤ በጭምብልም አየር መስጠት አልተቻለም። አንዲት ነርስ አንገት ላይ የአየር መግቢያ ለመክፈት የሚያገለግለውን መሣሪያ እንዲዘጋጅ አድርጋ ነበር። ልምድ ያላቸው ሐኪሞች ግን ቱቦውን ለማስገባት ሲታገሉ ደቂቃዎቹ ነጎዱ። ኢሌን ከ13 ቀን በኋላ አረፈች።

ፓይለት የሆነው ባለቤቷ ማርቲን የጠየቀው የስህተቱን መንስኤ እንጂ የሰው ቅጣት አልነበረም። በአቪዬሽን እንደተለመደው ከአደጋው መማር ይቻላል ብሎ በ2007 ለዚሁ ዓላማ የሚሠራ ቡድን አቋቋመ፤ እጅግ የሚያስከብር ውሳኔ ነው። የብሪታንያ የ2015 መመሪያም የቱቦ ሙከራውን በ3 ገድቦታል፤ አራተኛውን መሞከር የሚችለው የበለጠ ልምድ ያለው ባልደረባ ብቻ ነው።