አንድ ቀን በጓሳ፦ ገደሉ፣ ጭላዳውና የአባቶች ደንብ

ከጓሳ ምሥራቃዊ ጠርዝ ቆሞ ወደ ታች የሚያይ ሰው እግሩ ሥር የይፋትን ሸለቆዎች፣ ከዚያ ወዲያ ደግሞ በቆላ ጭጋግ የተሸፈነውን የአፋር ሜዳ ያያል። ገደሉ አንድ ወጥ ግድግዳ አይደለም። እርከን በእርከን እየተሰበረ ይወርዳል፤ በየእርከኑ ላይ ጎጆና የገብስ ማሳ ተለጥፎበታል። ፊቱን ወደ ምዕራብ ሲመልስ ግን ገደል የለም። ወርቃማ ሣር የለበሰ ጉብታ በጉብታ ላይ እየተደራረበ እስከ አድማስ ይሄዳል። በዚህ ጀርባ ላይ የሚጥለው ዝናብ ለሁለት ይከፈላል። ወደ ምሥራቅ ያጋደለው አዋሽ ገብቶ ባሕር ሳያይ አቤ ሐይቅ ላይ ይቀራል። ወደ ምዕራብ የወረደው በጀማ በኩል ዓባይን ተቀላቅሎ ሜዲትራኒያን ድረስ ይጓዛል።

ጓሳ በሰሜን ሸዋ፣ በመንዝ ምድር የሚገኝ ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሰፋ ደጋ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ገደማ ከፍ ይላል። ስሙን ያገኘው በላዩ ከሚበቅለው ሣር ነው። የሚተዳደረው እንደ ሰሜን ተራሮች ወይም እንደ ባሌ በብሔራዊ ፓርክነት አይደለም፤ ባለቤቱም ጠባቂውም በዙሪያው ያለው ገበሬ ነው። እንግዳን የሚቀበለውና በሜዳው የሚያዞረው የአካባቢው ልጅ ነው፤ ለጉብኝቱ የሚከፈለውም ለማኅበረሰቡ ጥበቃ ይውላል። ስለዚህ ጓሳን ለአንድ ቀን የሚጎበኝ ሰው መልክዓ ምድሩን ሲያይ የቆየ ሕግንም አብሮ ያያል።

መንገዱ

ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ነው። ከዚያ በደሴ መንገድ ወደ ጣርማ በር ይወጣል። ጣሊያን በወረራው ዘመን ተራራውን ፈልፍሎ የሠራው፣ ሰው እስከ ዛሬ የሙሶሎኒ ዋሻ የሚለው መተላለፊያ ያለው እዚያ ነው። የጓሳ መንገደኛ ዋሻው ውስጥ አይገባም፤ ሳይደርስበት የመሐል ሜዳን መንገድ ይዞ ወደ ግራ ይታጠፋል። ጉዞው በድምሩ ከ260 ኪሎ ሜትር አያንስም፤ ከጣርማ በር ወዲያ ያለው ክፍል ደግሞ ዝግ ብሎ መንዳትን ይጠይቃል። ስለዚህ ከአዲስ አበባ ማልዶ ወጥቶ በዚያው ቀን ለመመለስ ማሰብ ድካሙ ብቻ እንዲተርፍ ማድረግ ነው። የሚበጀው ዋዜማውን ደርሶ መሐል ሜዳ ወይም በጓሳው የማኅበረሰብ ማረፊያ ማደርና ቀኑን ሙሉ ለሜዳው መስጠት ነው።

ብርዱን ማቃለል አይገባም። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ውርጭ ነው፤ ማለዳ ሣሩ ነጭ ሆኖ ይነጋል። ቀን ደግሞ ፀሐዩ ፊት ያቃጥላል። ወፍራም ጃኬት፣ ባርኔጣ፣ ውኃ የማያስገባ ጫማ ያስፈልጋል። ከቆላ የመጣ ሰው በመጀመሪያው ሰዓት ትንፋሹ ቢያጥረው አይደንግጥ፤ እርምጃውን ያዘግም፣ ውኃ ይጠጣ። ሐምሌና ነሐሴ ጭጋጉና ጭቃው ስለሚበረታ ከመስከረም ማለቂያ እስከ ጥር ያለው ጊዜ ይመረጣል።

ማለዳ፦ የጭላዳ ሰዓት

አስጎብኚው እንግዳውን መጀመሪያ የሚወስደው ወደ ገደሉ አፋፍ ነው። ጭላዳ ሌሊቱን የሚያድረው ጅብና ነብር በማይደርስበት የገደል ወገብ ላይ ነው። ፀሐይ ድንጋዩን ማሞቅ ስትጀምር አንድ በአንድ እየተንጠላጠለ ይወጣና አፋፉ ላይ ተቀምጦ ይሞቃል፤ እርስ በርስ ጠጉሩን ይፈታተሻል። ከዚያ መንጋው ወደ ሜዳው ይሰማራል።

ጭላዳ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ ደጋዎች ውጭ አይገኝም። ከጦጣና ከዝንጀሮ ወገን ሆኖ በዋናነት ሣር እየጋጠ የሚኖር እሱ ብቻ ነው። ቁጢጥ ብሎ፣ አውራ ጣቱንና ሌባ ጣቱን አገናኝቶ፣ እህል እንደሚለቅም ሰው ቅጠል በቅጠል እየነጨ ሲበላ ይውላል። ወንዱ ከትከሻው እስከ ወገቡ የሚወርድ ጎፈር አለው፤ ደረቱ ላይ ጠጉር ያልሸፈነው ቀይ ገላ ይታያል። አንድ ወንድ ከጥቂት ሴቶችና ከልጆቻቸው ጋር አንድ ቤተሰብ ይሆናል፤ ብዙ ቤተሰብ ሲሰበሰብ በመቶ የሚቆጠር መንጋ ይወጣዋል። ወንዱ የላይኛ ከንፈሩን ገልብጦ ድዱንና ጥርሱን ካሳየ ማስጠንቀቂያ ነው፤ ያኔ አንድ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ማለት ነው።

የጓሳ ጭላዳ ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ ተመራማሪዎች ያለማቋረጥ የሚከታተሉት መንጋ ስላለው ሰው ሲያይ ብዙም አይሸሽም። ይህ ግን እንግዳው እንዲጠጋው ወይም ዳቦ እንዲወረውርለት ፈቃድ አይደለም። ከሰው እጅ መብላት የለመደ ጭላዳ ነገ የገበሬውን ማሳ ይደፍራል፤ ያኔ ጠቡ ከእንግዳው ጋር ሳይሆን ከባለ እርሻው ጋር ይሆናል።

ረፋድ፦ ቀይ ቀበሮን ፍለጋ

ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ አዋቂው ተቆጥሮ ከ500 የማይበልጥ፣ እሱም በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኝ አውሬ ነው። አብዛኛው በባሌ ነው፤ ጓሳም ከቀሩት ጥቂት መጠለያዎቹ አንዱ ነው። በቡድን ይኖራል፤ ድንበሩንም በቡድን ይጠብቃል። ለአደን የሚወጣው ግን ብቻውን ነው፤ ምግቡ በሣሩ ውስጥ የሚርመሰመሰው አይጥ ነውና ለአንድ አይጥ ጓደኛ አያሻም።

ጓሳ በሳይንስ መጽሔቶች ስሙ የተነሣው በዚሁ ቀበሮ ነው። ተመራማሪዎች ቀይ ቀበሮ በጭላዳ መንጋ መካከል ዘና ብሎ ሲመላለስ፣ ጭላዳዎቹም ሳይሸሹት አዩ። እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጡት ጥናት እንደገለጹት ቀበሮው በመንጋው መካከል ሆኖ ሲያድን ከ100 ሙከራ 67ቱ ይሳካለታል፤ ብቻውን ሲሆን ግን 25ቱ ብቻ ነው። የጭላዳው ግጦሽ አይጦቹን ያስነሣቸዋል፣ ወይም በመንጋው ግርግር ቀበሮውን ልብ አይሉትም የሚል ግምት አላቸው። ቀበሮውም ውለታውን የሚያውቅ ይመስላል፤ በቀላሉ ሊነጥቀው የሚችለውን የጭላዳ ግልገል ትቶ አይጡን ብቻ ያሳድዳል።

ቀይ ቀበሮን የሚያሰጋው ጥይት ሳይሆን ውሻ ነው። ከሰፈር ውሻ የሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ በባሌ ደጋግሞ ቀበሮዎችን ፈጅቷል። ወደ ጓሳ ውሻ ይዞ መምጣት የማይፈቀደው ለዚህ ነው።

በመንገዱ ላይ ሌላም ብዙ አለ። ጅብራ ለዓመታት ቀስ ብሎ አድጎ አንድ ጊዜ ብቻ ረጅም ዘንጉን ሰድዶ ያብባል፤ ከዚያ ይሞታል። አስታው በየሸንተረሩ ተጠጋግቶ ይቆማል። እግር የረገጠው ጦስኝ ሽታው አየሩን ይሞላዋል፤ ለቅሞ ሻይ የሚያፈላው የመንዝ ሰው ለብርዱም ለጉንፋኑም ይጠጣዋል። በረግረጉ ላይ በኢትዮጵያ ደጋ ብቻ የሚኖረው ባለ ሰማያዊ ክንፍ ዝይ ይታያል። በገደሉ አፋፍ ደግሞ ስሟን ከአንኮበር ያገኘችው ትንሽ ወፍ ትበራለች። ከሁሉ በላይ አጥንት ከከፍታ ጥሎ ሰብሮ የሚበላው ጺማም አሞራ ይዞራል።

ቀትር፦ ሣሩና ሕጉ

ለምሳ አረፍ ሲባል ወሬው ወደ ሣሩ ይመለሳል፤ አስጎብኚውም እንግዳውም የተቀመጡት እሱ ላይ ነውና። የጓሳ ሣር ጠንካራና ረጅም ነው። የመንዝ ቤት ክዳን እሱ ነበር፤ ገመዱ፣ መጥረጊያው፣ እረኛው ዝናብ የሚከላከልበት ገሳ ከእሱ ነው። ጎረቤት ያለው ደጋ ሁሉ ታርሶ ገላጣ ሲሆን ይህ ሜዳ ሣሩን ይዞ የቀረበት ምክንያት አለው።

ትውፊቱ እንደሚለው አስቦና ጌራ የተባሉ አባቶች ይህን ምድር በፈረስ ግልቢያ ተካፈሉት፤ የመጠቀም መብቱም ከእነሱ ለተወለዱት በአጽመ ርስት ተላለፈ። ሥርዓቱ ቢያንስ ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ እንደነበረ ይነገራል። ስሙ ቄሮ ነበር፤ ዛሬ በፖለቲካ ከምንሰማው ቃል ጋር መምታታት የለበትም። ተጠቃሚው በጉባኤ አባ ቄራ ወይም አፈሮ የሚባል አለቃ ይመርጣል። አለቃው ከሽማግሌዎች ጋር መክሮ ሜዳውን ይዘጋል። ሣሩ እስኪያገግም ድረስ መዘጋቱ አንዳንዴ ሦስት፣ አንዳንዴ አምስት ዓመት ይደርስ ነበር። በዚያ ዘመን ማጭድ ይዞ መግባትም ከብት መንዳትም ክልክል ነው። ጥበቃው ደግሞ የሁሉ ግዴታ ነው፤ ተራውን ያጓደለ ይቀጣል። የሰረቀ ሰው ቤቱ እስከ መቃጠል ይደርስበት እንደነበር ሽማግሌዎች ይናገራሉ።

የሚከፈተው በበጋው ወገብ፣ በሌላ ቦታ ግጦሽ ሲያልቅ ነው። ያኔ ሣር ማጨዱ፣ ማገዶ መልቀሙ፣ ከብት ማሰማራቱ በተራ በተራው ይፈቀዳል። የመዝጊያው ቀን ከቤተ ክርስቲያን የዘመን አቆጣጠር ጋር ተያይዞ ነበር፤ የሐዋርያት ጾም በሚፈታበት በሐምሌ 5 ሁሉም ከብቱን ይዞ ይወጣል። ቀኑ የጾም መፍቻ በመሆኑ ማንም አልሰማሁም ሊል አይችልም።

ከዚህ ሩቅ በሆነ አገር ጋሬት ሃርዲን የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1968 ባወጣው ዝነኛ ጽሑፍ የጋራ ግጦሽ መጥፋቱ አይቀርም ብሎ ነበር፤ እያንዳንዱ ተጨማሪ ከብት እያስገባ ሜዳውን ያራቁተዋልና። ኤሊኖር ኦስትሮም ደግሞ ሕዝብ ራሱ ሕግ አውጥቶ፣ ራሱ ጠብቆ፣ ራሱ ከቀጣ የጋራ ሀብት ዘመን እንደሚሻገር ከብዙ አገር ምሳሌ አሳየች፤ እ.ኤ.አ. በ2009 ከሌላ ምሁር ጋር የኢኮኖሚክስ ኖቤል ሽልማት አገኘችበት። የመንዝ ገበሬ ይህን ከምሁራኑ ክርክር በፊት ሲሠራበት ኖሯል።

ሥርዓቱ ግን እንከን አልነበረውም። መብቱ በዘር የሚወረስ ስለነበረ ርስት የሌለው ሰው ከሜዳው ድርሻ አልነበረውም። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ርስትን ሲሽር ቄሮም አብሮ ፈረሰ። መብቱ ሰፋ፤ ጠባቂው ግን ሳሳ፤ ሜዳውም ተጎዳ። ሕዝቡ ዝም ብሎ አላየም። በገበሬ ማኅበራቱ በኩል የጓሳ ኮሚቴ አቋቁሞ መዝጋትና መክፈቱን በአዲስ መልክ ጀመረ። በ2000ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ደግሞ በአማራ ክልል ሕግ የማኅበረሰብ ጥበቃ ሥፍራ ሆኖ ታወቀ፤ የፍራንክፈርት ዙኦሎጂካል ሶሳይቲም በጥበቃውና በጉብኝቱ ሥራ ደግፏል። ዛሬ ጥበቃዎቹ ከአካባቢው የተመረጡ ናቸው፤ የሚጠብቁት ግን አያቶቻቸው በተራ ይዞሩበት የነበረውን ያንኑ ሜዳ ነው።

ከሰዓት፦ መንደሩ

ወደ ማታ መንደር ጎራ ማለት ከጉብኝቱ አይለይም። የመንዝ በግ ጠጉሩ ለብርድ የተሠራ ነው፤ ሴቶቹ ይፈትሉታል፣ ሸማኔው ባናና በርኖስ ይሠራበታል። ከባለሙያው እጅ አንድ ባና መግዛት ከፎቶ የበለጠ ጥቅም አለው፤ ከእንግዳ የሚገኝ ገቢ ካለ ሣሩን መጠበቅ ለገበሬው ይቀለዋል። ሽማግሌ ሲያገኙ ቆም ብለው ሰላምታ ይስጡ፤ በዕድሜ የገፋ ሰው እዚያ «አንቱ» ነው የሚባለው። ፎቶ ከማንሣትዎ በፊት ይጠይቁ። የቀረበልዎትን የገብስ ቆሎና ጠላ ባይጨርሱ እንኳ ቀምሰው ያመስግኑ።

ለሚሄድ ሰው ቀሪው ምክር አጭር ነው። ከመነሣትዎ በፊት የመንገዱን ፀጥታ ከሚያውቁ ሰዎች ያረጋግጡ፤ በክልሉ ካለፉት ዓመታት ግጭት የተነሣ ይህ መቅደም ያለበት ጥያቄ ነው። ሜዳው ላይ ያለ አስጎብኚ አይሂዱ፤ ክፍያዎን በደረሰኝ ይክፈሉ። ቀበሮን አያሯሩጡ፣ ጭላዳን አይመግቡ፣ ያመጡትን ፕላስቲክ ይዘው ይመለሱ። ሜዳው በዚያ ወቅት ተዘግቶ እንደሆነም አስጎብኚውን ይጠይቁ፤ ከሆነ የተከለከለውን ሣር እንደ ባላገሩ ያክብሩ።