መርከብ ጋምቤላ ድረስ እንዴት ወጣ?

ጎጃም ውስጥ፣ ጥሊሊ ላይ ክረምት ሲገባ መንገድ ይከብዳል። ጭቃው እግር ይይዛል፣ ወንዙ ይሞላል፣ ገበያተኛውም ይቀንሳል። በባሮ ወንዝ ዳር ግን ያው ክረምት መንገድ ከፋች ነበር። በ20ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ፣ ዝናቡ ባሮን ሲሞላው፣ በእንግሊዝ እጅ የነበረው የሱዳን መንግሥት የእንፋሎት መርከቦች ከካርቱም ተነስተው ደብዳቤና ሸቀጥ ይዘው ጋምቤላ ይደርሱ ነበር። መርከብ ወደ ኢትዮጵያ ምድር እንዴት ወጣ? ዓባይን ይዞ ወደ ጎጃምስ ለምን አልመጣም?

እሳቱ መንኮራኩሩን እንዴት ያዞራል?

ጉልበቱ የፈላ ድስት ክዳኑን ሲያነሳ የምናየው ነው። አንድ ሊትር ውሃ ሙሉ በሙሉ ሲተን ከ1,600 ሊትር በላይ እንፋሎት ይሆናል። መርከቡ ላይ ይህ እንፋሎት ቦይለር በሚባል ወፍራም የብረት በርሜል ይታፈናል፤ ከዚያ በቱቦ ወደ ሲሊንደር ይገባና ፒስተኑን አንዴ ከወዲህ፣ አንዴ ከወዲያ እየገፋ ያመላልሰዋል። ከፒስተኑ ጋር የተያያዘው ረጅም የብረት ዘንግ ምልልሱን ወደ ዙር ለውጦ መንኮራኩሩን ያዞራል። በመንኮራኩሩ ዙሪያ ሰፋፊ ሳንቃዎች ተገጥመዋል። ከሥር የሚያልፉት ሳንቃዎች ውሃውን ወደ ኋላ ሲገፉት መርከቡ ወደ ፊት ይሄዳል።

ደብዳቤ ይህን መርከብ ለምን ፈለገ?

በሸራ የሚሄድ መርከብ የነፋስ ጥገኛ ነው፤ የመነሻውን እንጂ የመድረሻውን ቀን መናገር አይችልም። መንግሥትና ነጋዴ ደግሞ ከደብዳቤ የሚፈልጉት ቀኑን ጠብቆ መድረሱን ነው። ስለዚህ የእንግሊዝ መንግሥት በ1839 እ.ኤ.አ. ሳሙኤል ኩናርድ ለተባለ የመርከብ ባለቤት በየዓመቱ እየከፈለ ደብዳቤ ወደ አሜሪካ እንዲያመላልስ ተዋዋለው። ብሪታኒያ የተባለችው የእንጨት መርከብ በግራና ቀኝ ጎኗ መንኮራኩር ተገጥሞላት ሐምሌ 4 ቀን 1840 እ.ኤ.አ. ከሊቨርፑል ተነሳች። ደራሲው ቻርልስ ዲከንስም በ1842 ተሳፍሮባታል። በ1849 ለጀርመን ባሕር ኃይል ተሸጠች፤ ስሟም ባርባሮሳ ተባለ። በ1880 የተኩስ መለማመጃ ሆና ሰጠመች።

ባሕር የተወውን ወንዝ ለምን ያዘው?

መንኮራኩር በውቅያኖስ ላይ ሁለት ጠላት አለው። ማዕበል መርከቡን ሲያዘነብለው አንዱ መንኮራኩር ጠልቆ ሌላው አየር ላይ ይሽከረከራል። ድንጋይ ከሰሉም ጣጣ አለው፦ ሲነሱ በከሰል የከበደ መርከብ ሳንቃዎቹን አብዝቶ ያጠልቃቸዋል፤ ከሰሉ እያለቀ ሲሄድ ደግሞ መርከቡ ከፍ ስለሚል ሳንቃዎቹ ውሃውን በደንብ አይዙም። ከመርከቡ ሥር ተሰውሮ የሚሽከረከረው ፕሮፔለር ከዚህ ሁሉ ይድናል። የኩናርድ ኩባንያ ለአትላንቲክ ያሠራው የመጨረሻው ባለ መንኮራኩር መርከብ የ1862ቷ ስኮሺያ ናት።

ወንዝ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ፕሮፔለር ጥልቅ ውሃ ይፈልጋል፤ የወንዝ አሸዋና ግንድ ይሰብረዋል። መንኮራኩር ግን የላይኛውን ውሃ ብቻ ስለሚቀዝፍ፣ ሆዱ ጠፍጣፋ በሆነና ብዙ በማይጠልቅ መርከብ ላይ ይገጠማል። ከካርቱም የሚነሱት መርከቦች መንኮራኩሩን ከኋላ አደረጉት። ጎናቸው ነጻ ስለሆነ በጠባብ ቦታ ያልፉ ነበር፤ ሞተር የሌላቸውን የጭነት ጀልባዎችም ጎንና ጎን አስረው ይሄዱ ነበር። ማገዶ ካነሰም በየዳርቻው ከተከመረው እንጨት ይጭኑ ነበር።

ባሮ ሆኖ ዓባይ ለምን አልሆነም?

ግንቦት 15 ቀን 1902 እ.ኤ.አ. ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት ውል በኢታንግ አካባቢ፣ በባሮ ዳር ከ400 ሄክታር የማይበልጥ መሬት ለንግድ ጣቢያ ፈቀዱ። ጣቢያው የተቋቋመው ግን ጋምቤላ ላይ ነው። የሱዳን ፖስታ ቤትም ተከፈተበት። የጎሬና የደምቢ ዶሎ ቡና በበቅሎና በሰው ጫንቃ እየወረደ በመርከብ ይወጣ ነበር፤ ጨውና ጨርቅ ደግሞ ይገባ ነበር። ክረምቱ አልፎ ባሮ ሲጎድል ግን መርከቡ ይቀር ነበር። ሱዳን ነጻ ከወጣች በኋላ፣ በጥቅምት 1956 እ.ኤ.አ. ጣቢያው ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰ።

ምሥጢሩ ቁልቁለቱ ላይ ነው። ከካርቱም እስከ ጋምቤላ በውሃ ከ1,300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ የከፍታው ልዩነት ግን 150 ሜትር ገደማ ብቻ። በየኪሎ ሜትሩ ሲካፈል አንድ ስንዝር አይሞላም። ዓባይ ደግሞ ከጣና ተነስቶ ሱዳን ድንበር እስኪደርስ 1,300 ሜትር ገደማ ይወርዳል፤ ጢስ ዓባይ ላይ ብቻ 40 ሜትር ገደማ ተወርውሮ ይወድቃል፣ ከዚያ በድንጋያማ ሸለቆ ይጣደፋል። ያን ዳገት የሚወጣ መንኮራኩር የለም። የእኛ የፈታም ወንዝ ውሃ ወደ ዓባይ ገብቶ ካርቱም ይደርሳል፤ ከካርቱም ይነሳ የነበረው መርከብ ግን ውሃው በወረደበት መንገድ ወደ እኛ ሊወጣ አይችልም ነበር።

ስለዚህ ወንዝ ለመርከብ ይሆን እንደሆነ ለማወቅ የውሃውን ብዛት ማየት አይበቃም። ቁልቁለቱ ምን ያህል ነው? በበጋ ስንት ወር ይጎድላል? ሥሩ አሸዋ ነው ድንጋይ? ዓባይ ከባሮ ይገንናል፤ በእነዚህ ጥያቄዎች ግን ባሮ አሸነፈ፣ ባሕር የጣለውንም መንኮራኩር ለግማሽ ክፍለ ዘመን ያህል ሥራ ላይ አቆየው።