«ሬክለስ» የሚል ቃል በሥራ ወረቀት ላይ ሲመጣ

በእንግሊዝኛ በሚጻፍ የሥራ ደንብ፣ የአደጋ ሪፖርት ወይም የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ላይ «ሬክለስ» የሚል ቃል ያጋጥማል። «ሬክ» በድሮው እንግሊዝኛ ማሰብ፣ መጨነቅ ማለት ነው፤ «ለስ» ደግሞ «የሌለው» ማለት ነው። አሠራሩ ከእኛው «ግድየለሽ» ጋር አንድ ነው። ክብደቱ ግን ይለያል። እኛ ልብሱን የትም የሚጥለውንም ልጅ «ግድየለሽ» እንለዋለን። «ሬክለስ» የሚባለው ግን አደጋ ሊመጣ እንደሚችል እያወቀ «የመጣው ይምጣ» የሚል ሰው ነው። «ማን አለብኝ» ከሚለው አነጋገራችን ጋር ይቀራረባል።

በሕክምና ሥራ ላይ ጥፋትን በሦስት የሚከፍል አሠራር አለ፤ ያስፋፋው ዴቪድ ማርክስ የተባለ አሜሪካዊ ነው። በጽዳት ሥራ እንየው። በረኪና፣ እዚህ አገር ኤኮኖሚካ የምንለው፣ አሲድ ካለበት የአቫኒት ማስለቀቂያ ጋር ሲቀላቀል የክሎሪን ጋዝ ይወጣል። ጋዙ ዓይንና ጉሮሮ ያቃጥላል፣ ሳንባም ይጎዳል። እንዲህ ከሆነ ቶሎ ወደ ውጭ መውጣት፣ መተንፈስ ካስቸገረም 101 መደወል ነው።

አንደኛዋ ሠራተኛ ጠርሙሱ ላይ ጽሑፍ ስላልነበረ ተሳስታ ቀላቀለች። ይህ ስህተት ነው። ሁለተኛዋ «ሁሉም የሚሠራው እንዲህ ነው» ብላ፣ አደጋው ሳይታያት ቀላቀለች። ይህ አጉል ልማድ ነው። ሦስተኛዋ ጋዝ እንደሚወጣ ተምራለች፣ አጠገቧ ያለችው ጓደኛዋም እየሳለች ነው፤ ቶሎ ለመጨረስ ስትል ግን ቀጠለች። «ሬክለስ» የምትባለው ይህች ብቻ ናት። በዚህ አሠራር የመጀመሪያዋን ማጽናናት፣ ሁለተኛዋን ማስተማር፣ ሦስተኛዋን መቅጣት ይገባል።

የእስራኤል የ1977 የወንጀል ሕግም «ራሽላኑት»ንና «ፕዚዙት»ን ይለያል። ራሽላኑት ማስተዋል ሲገባው ያላስተዋለ ሰው ጥፋት ነው። ፕዚዙት ግን ጉዳት ሊደርስ እንደሚችል እያወቀ ያለአግባብ የደፈረ ሰው ጥፋት ነው። «ተጠንቅቄ አልፈዋለሁ» ብሎ ተስፋ ማድረጉ ብቻውን ከፕዚዙት አያወጣውም።

ስለዚህ አለቃ ፊት ስትቀርቡ ለምትናገሩት ቃል ተጠንቀቁ። «አውቄው ነበር፣ ምንም አይመጣም ብዬ ነው» ማለት ምክንያት ይመስላል፤ ሰሚው ግን እያወቃችሁ እንዳደረጋችሁት አድርጎ ይጽፈዋል። ይሉኝታ ይዟችሁ ያላወቃችሁትን «አውቅ ነበር» አትበሉ። የሆነውን በትክክል ተናገሩ፦ ሥልጠና ተሰጥቷችሁ ነበር? በየትኛው ቋንቋ? ዕቃው ላይ ምን ተጽፎ ነበር? ቶሎ ጨርሱ ያለው ማን ነው?

አሠሪ ሠራተኛን ከማሰናበቱ በፊት «ሺሙዓ» ማድረግ አለበት። የቀረበባችሁን ነገር አስቀድሞ ማወቅና ተወካይ ይዞ መግባት መብታችሁ ነው። ወረቀቱ ላይ «ሬክለስ» ወይም «ፕዚዙት» የሚል ካያችሁ፣ ከመፈረማችሁ በፊት ይተርጎምልን በሉ። ከዚያም «አውቃችሁ ነው ያደረጋችሁት የምትሉን ምኑን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ።