በሶብላ በጓሮ፦ ለድስት የሚሰበሰብና ለዘር የሚተው

ካርል ሊኒየስ በ1753 እ.ኤ.አ. «ኦሲመም ባሲሊከም» ብሎ የሰየመው ተክል በልዩ ልዩ አገሮች ማእድ ቤት የተለያየ አገልግሎት አለው። ለጄኖቫው ፔስቶ የሚፈለገው ርጥብ ቅጠሉ በመሆኑ፣ የጣሊያን አትክልተኛ አበባው ብቅ ሲል ይቀነጥበዋል። በኢትዮጵያ ግን በሶብላ በርበሬና ሽሮ ሲዘጋጁ፣ ቅቤም ሲነጠር የሚጨመረው በአብዛኛው ከነአበባው ደርቆ ነው። ይህ ልዩነት የጓሮ አያያዙን ይወስናል።

ዘሩ ደቃቅ ስለሆነ በላላ አፈር ላይ ተበትኖ በስሱ ይሸፈናል፤ የአፈሩ ሙቀት ወደ 20 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲደርስ ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 10 ቀናት ውስጥ ይበቅላል። ውርጭ ስለሚጎዳው በደጋ አካባቢ ፀሐይ በሚያገኝ ግድግዳ ሥር ወይም በጣሳ መትከል ይመረጣል። ችግኙ 3 ወይም 4 ጥንድ ቅጠል ሲያወጣ ጫፉ ቢቀነጠብ ቅርንጫፉ ይበዛል። ቅንጠባው ከዚያ በኋላ ከቀጠለ ግን የሚፈለገው አበባ ይዘገያል።

መዓዛው የሚመነጨው በቅጠሉና አበባውን ከሥሩ በሚያቅፈው አረንጓዴ ሽፋን ላይ ካሉ ጥቃቅን ዕጢዎች ነው። በዕጢዎቹ ውስጥ እንደ ሊናሎል፣ ሜቲል ካቪኮልና ኢዩጂኖል ያሉ ተናኝ ውሕዶች ይገኛሉ፤ መጠናቸውም ከዓይነት ዓይነት ይለያያል። ስለዚህ ምርቱን ነፋስ በሚያገኝ ጥላ ማድረቅና እስከሚፈለግበት ቀን ሳይፈጩ በተከደነ ዕቃ ማቆየት መዓዛውን ይጠብቃል።

ዋናው ጥያቄ የሚነሣው በአዝመራው ጊዜ ነው። ለቅመም የሚቆረጠው የአበባ ዘለላ የዘሩም ማደሪያ ነው፤ እያንዳንዱ አበባ በተለምዶ እስከ 4 ዘሮች ይይዛል። ባለጓሮው መዓዛቸው የላቀውን ሁሉ ለድስት ሰብስቦ ዘግይተው ያበቡትን ደካሞች ለዘር ከተወ፣ ሳያውቅ የማይፈልገውን ባሕርይ እየመረጠ ይሄዳል። በተጨማሪም ንቦችና ሌሎች ነፍሳት ተሻጋሪ ርክበ ብናኝ ስለሚያካሂዱ፣ ለቅጠሉ ተብሎ የመጣ የውጭ ዓይነት በአጠገቡ ካበበ የቀጣዩ ትውልድ መዓዛ ሊለወጥ ይችላል።

መፍትሔው ቀላል ነው። ከአዝመራው በፊት ምርጥ የሆኑ በርከት ያሉ ተክሎች ምልክት ይደረግባቸዋል፤ ዘለላቸው ቡናማ እስኪሆን ሳይቆረጥ ይቆያል፤ የውጭው ዓይነትም እንዳያብብ ይቀነጠባል። ከገበያ በተገዛ ደረቅ ዘለላ ውስጥም ዘር ሊገኝ ይችላል፤ ሆኖም የእናት ተክሉን ባሕርይ ማወቅ አይቻልም። ያን የሚያውቀው ተክሉን ከችግኝነቱ ጀምሮ የተከታተለው ባለጓሮ በመሆኑ፣ የአገር በቀል በሶብላ ጥበቃ የሚጀምረው ከእርሱ ምርጫ ነው።