የተደበቀ ሁሉ የተቆለፈ አይደለም

ውድ እህቶቻችን፣ በሙሐመድ ቢን ዛይድ ሲቲ በምትሠሩበት ቤት ኮምፒውተር ላይ የፓስፖርታችሁን ኮፒ ወይም የሥራ ውላችሁን አስቀምጣችሁ ይሆናል። ለመሆኑ ማን ሊያየው ይችላል?

በዊንዶውስ ላይ ፋይሉን በማውሱ ቀኝ ተጭናችሁ፣ «ፕሮፐርቲስ» ውስጥ «ሂድን» የሚለውን ብትመርጡ ከዓይን ይሰወራል። ነገር ግን «ቪው» ውስጥ ገብቶ የተደበቁትን እንዲያሳይ ያዘዘ የቤቱ ልጅ ሁሉ መልሶ ያየዋል። ክዳን የተደፋበት መሶብ ነው እንጂ የተቆለፈ ሣጥን አይደለም። ዊንዶውስም የራሱን ፋይሎች የሚደብቀው በስህተት እንዳይሰረዙ እንጂ ምስጢር ስለሆኑ አይደለም።

ስለዚህ የጋራ የሆነው፣ ለምሳሌ የአስቤዛ ዝርዝር፣ ለሁሉም ይታይ። የግል ሰነዳችሁን ግን ከቤቱ ኮምፒውተር አጥፉት፤ የቆሻሻ ቅርጫቱንም ባዶ አድርጉ። በራሳችሁ ስልክ፣ በሚስጥር ቁጥር በሚከፈት ቦታ አኑሩት። አንድሮይድ ስልክ ያላችሁ በጉግል «ፋይልስ» ውስጥ «ሴፍ ፎልደር» የሚባል ታገኛላችሁ። አንድ ኮፒ ደግሞ አገር ቤት ለምታምኑት ዘመድ ላኩ።

ዋናው ፓስፖርትስ? እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው የኤምሬትስ የቤት ሠራተኞች ሕግ የመታወቂያ ሰነዳችሁን በእጃችሁ የመያዝ መብት ሰጥቷችኋል። ኮፒው ይቆለፍ፤ ዋናው ከእናንተ አይራቅ።